ቦርከናን ተከትሎ በሳይክል፦ ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ

ወሎ ተራራ ነው። ስለዚህ "ወሎ ውስጥ ዘና ብሎ ሳይክል መንዳት" ሲባል ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ሐረጎን በሚኒባስ የወጣ ሁሉ ሞተሩ ሲያቃስት ሰምቷል። ያንን ዳገት በእግር ጉልበት ማን ይሞክረዋል?

መላው ግን ቀላል ነው። ውሃውን መከተል። ወንዝ የሚወርድበትን መንገድ ለዘመናት ሲያስተካክል ኖሯል። መንገድ ሠሪዎቹም አስፋልቱን የዘረጉት በዚያው ሸለቆ ነው። ከወንዙ ጋር ወደ ታች ከነዳችሁና መመለሻውን ለመኪና ከተዋችሁት፣ ስፖርተኛ ያልሆነ ሰውም ግማሽ ቀን ደስ ብሎት ይነዳል። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ግማሽ ቀን አሠራር ነው። መጨረሻ ላይ ለሐይቅ የሚሆን ሌላ አጭር ቀን ጨምሬበታለሁ።

1. መስመሩና አቅጣጫው

ቦርከና ከደሴ አካባቢ ይነሳል። በኮምቦልቻ በኩል አልፎ በሐርቡና በከሚሴ አቅጣጫ ይወርዳል፤ በመጨረሻም አዋሽን ይቀላቀላል። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚመጣው አስፋልት በዚሁ ሸለቆ ያልፋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከሚሴ 1,420 ገደማ። በመሃላቸው 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ሒሳቡ ሲሠራ በየ100 ሜትሩ የምትወርዱት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዓይን የማያየው፣ ጎማ ግን የሚያውቀው ቁልቁለት ነው።

ሁሉም ቁልቁለት ነው ማለቴ አይደለም። ከጎን የሚመጡ ጅረቶች ባሉበት መንገዱ ዝቅ ብሎ ይሻገርና መልሶ ከፍ ይላል። አጫጭር ናቸው። ማርሽ ቀይራችሁ፣ ካልሆነም ወርዳችሁ እየገፋችሁ ታልፏቸዋላችሁ። መግፋት ነውር አይደለም።

አቅጣጫውን ግን አትገልብጡት። ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትነዱ ፀሐዩ እየበረታ ሲሄድ እናንተም ሽቅብ እየሄዳችሁ ነው። ቀስ ብሎ መንዳት የሚባለው ነገር እዚያ ላይ ያበቃል።

ሁለት ፈተናዎች ይገጥሟችኋል። አንደኛው "ከደሴ ልጀምር" የሚለው ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወረቀት ላይ ሲያዩት የሚያጓጓ ቁልቁለት ነው። መሬት ላይ ግን ሐረጎ አለ። ጠመዝማዛ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ሲኖትራኩ ከኋላ ይመጣል፣ ፍሬን ደግሞ ይግላል። ለጀማሪ አይሆንም። ሁለተኛው ፈተና የባቲ መንገድ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያዋ መታየት ያለበት ነው፤ እኔም ሂዱ ነው የምለው። ግን በመኪና። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የጅቡቲ ከባድ ተሽከርካሪ መተላለፊያ ነው። ተሳቢ ሲያልፋችሁ የሚያስነሳው ነፋስ ብቻውን ከመንገድ ሊያወጣችሁ ይችላል።

2. ከሁሉም በፊት ጥያቄ

ሳይክሉን ከመነካካታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። ይህ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ብዙ አይቷል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህም መንገድ የሚዘጋባቸው ጊዜያት አሉ። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ክፍት ላይሆን ስለሚችል ነው።

ማንን ልጠይቅ ካላችሁ፣ በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለሱትን ሹፌሮች። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሄዳችሁ "የከሚሴ መንገድ ሰሞኑን እንዴት ነው?" በሉ። ማታ አንዴ፣ ጠዋት ደግሞ አንዴ። ሹፌሩ ፊቱ ፈታ ብሎ "አብሽር፣ ሰላም ነው" ካለ ጥሩ ነው። "እንግዲህ አላህ ያውቃል" ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ከዞረ ግን ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አድርጉት። ፌስቡክ ላይ ያለ ወሬ ለዚህ አይሆንም። አንዱ ያጋንናል፣ አንዱ ያለዝባል።

መታወቂያ ከኪስ አይውጣ። ኬላ ላይ ከሳይክል ወርዳችሁ ሰላምታ አቅርቡ። ኬላ፣ ድልድይና ወታደር ፎቶ አይነሳም። ድሮን የሚባለውን ነገር ቤት ተዉት።

3. ወቅትና ሰዓት

ምርጡ ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ወንዙ ገና ውሃ አለው፣ ማሽላው ቆሟል። ታኅሣሥና ጥርም ይሆናሉ፤ አዝመራው ተሰብስቦ ሜዳው ቢገረጣም አየሩ ለመንዳት ይመቻል። በሐምሌና በነሐሴ አትሞክሩት። ወሎ በልግም እንዳላት አትርሱ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድንገተኛ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የከሚሴ ሙቀት አለ።

ሰዓቱ ከወቅቱ ይበልጣል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፔዳል ላይ ሁኑ። 5 ሰዓት ላይ ከሚሴ ጥላ ስር መቀመጥ አለባችሁ። ምክንያቱ ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ሸለቆ ውስጥ ፀሐዩ መሬቱን ሲያሞቀው ነፋሱ ከታች ወደ ላይ መንፈስ ይጀምራል። እናንተ ወደ ታች ነው የምትሄዱት፤ ስለዚህ ነፋሱ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። ያ ለስላሳ ቁልቁለት ያኔ አይሰማችሁም፤ ሜዳ ላይ እየታገላችሁ ያላችሁ ነው የሚመስለው።

በሰዓት 12 እና 15 ኪሎ ሜትር መካከል ብትነዱ፣ ሻይና ፎቶ ተጨምሮበት፣ አራት ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከዚህ በላይ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ረመዳን ከገባ አስቡበት። ቀን ላይ አብዛኛው ምግብ ቤት ዝግ ነው። በጾመኛ መሃል ቆሞ ውሃ መጎንጨትም ደስ አይልም። ፈቀቅ ብላችሁ ጠጡ። ማንም አይናገራችሁም፣ ግን ያያል።

4. ሳይክሉ

ውድ ሳይክል አያስፈልግም። ማርሽ ያለው ተራ "ማውንቴን" ሳይክል ለዚህ መንገድ ከበቂ በላይ ነው። ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ሳይክል ካላችሁ ይፈጥናል፣ ግን አስፋልቱ በየቦታው ተቦርቡሯል፤ ቸርኬያችሁን እዚያ ጥላችሁት ልትመጡ ትችላላችሁ።

የምታዩት በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ፍሬን ይቅደም። የፊቱን ፍሬን ጨብጣችሁ ሳይክሉን ወደፊት ግፉት። የኋላው ጎማ ከመሬት ብድግ ካለ ፍሬኑ ይሠራል። ካላለና ሳይክሉ ዝም ብሎ ከተንሸራተተ ወይ ካቦው ላልቷል፣ ወይ ላስቲኩ አልቋል። ላስቲኩ ላይ ያሉት ጭረቶች ከጠፉ ይቀየር። ካቦውን መጨረሻው ላይ እዩት። አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ከተፍተለተለ ዛሬ ቀይሩት፤ ነገ የሚበጠሰው ቁልቁለት ላይ ነው።

ቀጥሎ ጎማ። ኮፐርቶኑን በጣታችሁ ዙሪያውን ዳስሱ። የተሰነጠቀ ካለ ወይም የውስጡ ጨርቅ ከታየ ይቀየር። ነፋሱን በተመለከተ ጎማው ጎን ላይ የሚይዘው መጠን በፒኤስአይ ተጽፏል። ለአስፋልት ወደ ከፍተኛው ተጠጉ። የላላ ጎማ 50 ኪሎ ሜትር ሙሉ ጉልበታችሁን ይበላዋል። የካላማዳሪያውን የነፋስ አፍ አይነትም አስተውሉ። የመኪና አይነት ወፍራም አፍ ከሆነ የትኛውም ጎሚስታ ይሞላላችኋል። ቀጭኑ ከሆነ የራሳችሁን ፖምፓ መያዝ ግድ ነው።

ካቴናውን በጨርቅ ጥረጉና ዘይት ቀቡት። የመኪና ሞተር ዘይት አትቀቡ፤ ወፍራም ነው፣ አቧራውን ሰብስቦ ጭቃ ያደርገዋል። የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ይሻላል። በየመጋጠሚያው ጠብ አድርጉ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞራችሁ አስገቡት፣ የተረፈውን ጠርጉ።

የኮርቻውን ቁመት ደግሞ ሰው ሁሉ ይረሳዋል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ሊዘረጋ ጥቂት ሲቀረው ነው ልኩ። ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ኮርቻ ጉልበት ያሳምማል። ጎረምሶቹ ዝቅ አድርገው የሚነዱት ለስታይል ነው፤ ከሚሴ ድረስ አይሄዱበትም።

5. ሳይክሉን ኮምቦልቻ ማድረስ

ሳይክላችሁ ሌላ ከተማ ካለ በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ጣሪያ ይመጣል። ዋጋውን ከመጫኑ በፊት ከረዳቱ ጋር ጨርሱ። ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ መደራደር የለም። የፊቱን ጎማ ፈታችሁ ከሳይክሉ ጎን እሰሩት። ሳይክሉን ማርሹ ወደ ላይ እንዲሆን አስተኙት። ማርሹ ከታች ከሆነ የሰው ሻንጣና ጆንያ ያጣምመዋል። ከብረቱና ከጣሪያው መካከል ካርቶን ይግባ። ገመዱን ለረዳቱ አትተዉት፣ ራሳችሁ ወጥታችሁ እሰሩ። መሃል መንገድ ላይ መኪናው ለሻይ ሲቆም ቋጠሮውን ደግማችሁ እዩት፤ ይላላል።

ኮምቦልቻ ገብታችሁ እደሩ። የዚያኑ ቀን ደርሶ የዚያኑ ቀን መንዳት ለማንም አይመከርም።

6. ምን ይያዝ

ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ። ሁለት ካላማዳሪያ፣ ፖምፓ፣ ማስቲሽና ቁራጭ ጎማ፣ ካቻቢቴ፣ ቁልፍ። ኮፍያ፣ ከራስ ቁር ስር የሚገባ። ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ልብስ። ከፋርማሲ ሁለት ፓኬት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር። ለሴትም ለወንድም ከቁምጣ ይልቅ ሱሪ፣ ለሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ። የምትቆሙበት መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም አለ።

ስንቅ በተመለከተ እኔ በሶ ነኝ። ጠዋት በውሃ ተበጥብጦ በስኳር ወይም በማር ከተጠጣ እስከ 4 ሰዓት ያቆማል። ጭኮ ካገኛችሁ ደግሞ ከየትኛውም የታሸገ ብስኩት ይበልጣል፤ ቅቤ ስላለው ፀሐይ ላይ እንዳይቀልጥ ከቦርሳው ስር ይግባ። ሸንኮራ፣ እሸትና ቆሎ መንገድ ዳር ታገኛላችሁ።

7. መንዳቱ

ከኮምቦልቻ መውጣት የጉዞው አስቀያሚ ክፍል ነው። ፋብሪካዎች፣ ባጃጆች፣ የሚጭኑና የሚያራግፉ መኪናዎች። ቀኛችሁን ይዛችሁ፣ ከቆሙ መኪናዎች በር ክንድ ያህል ርቃችሁ ውጡ። ወንዙን እዚህ አትንኩት። የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ገባር ወንዞቹ ስለሚገባ ለፊት መታጠቢያ እንኳ አይሆንም።

ከተማው ካለቀ በኋላ አንዴ ቁሙና ወደ ኋላ ዙሩ። ከኋላችሁ ያለው የተራራ ግድግዳ የደሴ በር ነው። በሚያዝያ 1933 የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች የኢጣሊያን ጦር ከዚያ ለማስለቀቅ ብዙ ቀን ተዋግተዋል። ኢትዮጵያውያን አርበኞችም አብረው ነበሩ። ደሴ የተያዘችው ሚያዝያ 18 ቀን ነው። ከእናንተ እግር ስር ያለው መንገድ ደግሞ ከዚያ አምስት ዓመት በፊት በተቃራኒው አቅጣጫ ታሪክ አይቷል። በ1928 የኢጣሊያው ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ደሴን ከያዘ በኋላ ከ1,700 በላይ መኪና አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው በዚህ ሸለቆ ነው። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ያን ሁሉ ብረት ያሳለፈ ሸለቆ ዛሬ አህያ ማሽላ ተጭና ስታልፍበት ማየት ለእኔ ከሙዚየም ይበልጥብኛል።

ከዚህ በኋላ መንዳት ብቻ ነው። ወንዙ አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ከዛፎች ጀርባ ይጠፋል። ባታዩትም መስኖው ይነግራችኋል። የውሃ ሞተር ድምፅ ከሰማችሁና ቀይ ሽንኩርት በመደብ ተተክሎ ካያችሁ ቦርከና ቅርብ ነው።

ማሽላው ያፈራበት ወቅት ከሆነ ማማዎቹን ተመልከቱ። አራት እንጨት ቆሞ ከላይ ርብራብ ይደረግበታል። እዚያ ላይ አንድ ልጅ ቆሟል፣ እጁ ላይ ወንጭፍ። ወፎቹ ሲሰፍሩ ልጁ ወንጭፉን ከራሱ በላይ ሁለት ሦስቴ ያዞረዋል፣ አንዱን ጫፍ ይለቀዋል፣ ጅራፍ የመሰለ ጩኸት ይሰማል፣ ወፉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ብድግ ይላል። ከዚያ ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። እኔ በበኩሌ ማማ ስር ፎቶ ለማንሳት አልቆምም፤ እናንተም አለፍ ብላችሁ ቁሙ።

ልጁ ካያችሁ ግን ወፉን ይተዋል። ይጮሃል፣ ወርዶ ይሮጣል። ከኋላ ሌሎች ይከተላሉ። እዚህ ላይ የሚሠራው ዘዴ መፍጠን አይደለም፤ ስትፈጥኑ ጨዋታው ይደምቃል። ዝግ በሉና ሰላምታውን እናንተ ጀምሩት። "ሰላም አለይኩም! እንዴት አደራችሁ?" የሰላምታ ጉዳይ ወሎ ውስጥ ቀልድ አይደለም። የአባት የእናት ጤና ይጠየቃል፣ አዝመራው ይጠየቃል። ጩኸቱ ወደ ወሬ ይለወጣል። ወደ ከሚሴ ስትጠጉ ኦሮምኛ ይበዛል፤ "አካም ጅርቱ" ማለት ከቻላችሁ ገና ከሩቁ ፈገግታው ይቀድማችኋል። ብር መስጠት አትጀምሩ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሳይክለኛ ነው የሚከፍለው።

ትልቅ ሰው ካገኛችሁ ከሳይክል ውረዱ። ሸኽ ከሆኑ "ሸኽዬ"፣ እናት ከሆኑ "እማማ" ብላችሁ አንገት ሰበር አድርጉ። "የት ነው የምትሄዱት?" መባላችሁ አይቀርም። "ከሚሴ" ስትሉ "መኪና እያለ?" ይላሉ። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አላገኘሁለትም።

ሐርቡ የሻይ ቦታ ነው። ከግማሽ መንገድ በፊት ትመጣለች። ሳይክሉን ከዓይናችሁ ሳትለዩ ተቀመጡ፣ ሻይና አንድ ነገር ቅመሱ። ስትቆሙ ሳይክሉን ከአስፋልቱ ወደ ሣሩ አትግፉት፣ ተሸከሙት። የግራር እሾህ ደርቆ ይጠብቃል። አንዴ ከገባ ቀስ ብሎ ነው የሚያስተነፍሰው፤ የምታውቁት ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው።

ይህ ቃሉ የሚባለው አገር ነው። ቃሉ በወሎ የእስልምና ትምህርት ታሪክ ትልቅ ስም አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐጂ ቡሽራ የመሠረቱት፣ ጌታ የሚባለው የእስልምና ማዕከል እዚሁ ቃሉ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ምእመናን ለዝያራና ለመውሊድ ይሄዱበታል። ከአስፋልቱ ወጣ ስለሚል የሳይክሉ ቀን ላይ አትጨምሩት። ማየት ከፈለጋችሁ ሌላ ቀን መድቡ፣ ሐርቡ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ጫማ ይወለቃል፣ ሴቶች ይከናነባሉ፣ ካሜራው ከቦርሳ የሚወጣው ተፈቅዶ ነው።

ከሐርቡ በኋላ ሸለቆው ይከፈታል። አየሩ ይሞቃል፣ ልብሱ ይቀላል። ከሚሴ ዙሪያ ጨፋ አለ፣ ቦርከና የሚተኛበት ረግረግ ሜዳ። በበጋ ሌላው አገር ሲደርቅ እዚህ ሣር ይኖራል። ስለዚህ አፋሮች ከቆላ ከብታቸውንና ግመላቸውን ይዘው ይመጣሉ። መንጋ መንገድ ሲሻገር ሙሉ በሙሉ ቁሙና ከሳይክሉ ውረዱ። በግመሎች መካከል ሹልክ ብሎ ማለፍ አይሞከርም፤ ግመል ከሳይክል ይደነግጣል፣ የደነገጠ ግመል ደግሞ ወዴት እንደሚዞር ራሱም አያውቅም። እረኛው በእጁ "እለፍ" ሲል ታልፋላችሁ።

ሜዳው ላይ ያለው ውሃ ቢያምርም እግራችሁን አታስገቡ። በዚህ አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ዳሩ ሣር የበቀለበት ውሃ ነው የሚያስፈራው። የወባም አገር ነው። ከሚሴ የምታድሩ ከሆነ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ።

ውሻ ካጋጠማችሁ አትሩጡ። ከሳይክሉ ውረዱ፣ ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጉ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ። የኢትዮጵያ ውሻ ሁሉ ይህን እንቅስቃሴ ያውቀዋል።

8. ከሚሴና መመለሻው

መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሕይወት አድኑን በጥብጣችሁ ጠጡ። ምሳ ከዚያ በኋላ። ሥጋ ከፈለጋችሁ ቤቱ የሙስሊም ይሁን የክርስቲያን ጠይቁ። እንደምታውቁት ይለያል፤ በቡድኑ ውስጥ ሁለቱም ካሉ ሽሮ ሁሉንም ያስማማል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ካለ ደግሞ ጭራሽ ቀለለ።

መመለሻው በመኪና ነው። ከሚሴ ዋናው መንገድ ላይ ስለሆነች ወደ ኮምቦልቻና ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ አታጡም። ከ9 ሰዓት በፊት ተነሱ። ማታ ላይ መኪናው ይሞላል፣ ረዳቱ ለሳይክል ቦታ የለኝም ይላል፣ ዋጋውም ሌላ ይሆናል። ሦስት አራት ሰው ከሆናችሁ ጭነት ለሌለው ኢሱዙ መነጋገር ያዋጣል፤ ሳይክሎቹ ቆመው ይሄዳሉ።

9. ሁለተኛ ቀን፦ ቦሩ ሜዳና ሐይቅ

እግራችሁ ካልደከመ በማግስቱ ወደ ሰሜን። እዚህም ሕጉ ያው ነው። ዳገቱንና ገደላማውን ለሚኒባስ ስጡ፣ ሜዳውን ለራሳችሁ አስቀሩ።

ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። ስሙ እንደሚለው ሜዳ ነው። በ1870 አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤውን የጠሩት እዚህ ነው፤ ምኒልክም ተገኝተዋል። የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ከዚያ ጉባኤ በኋላ ነው ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉት፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ደሴ ያለውን አይጠየፍ አዳራሽ ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ሜዳው ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ዞር ዞር በሉ። ብርዱ ከከሚሴ ጋር አይገናኝም፣ ጃኬት ያዙ።

ከዚያ ሳይክሉን መልሳችሁ ጫኑና ሐይቅ ከተማ ውረዱ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከከተማው ወደ ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ አጭርና ቀላል ነው። ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ እንደሆነ ዋናው ጉዞ ይህ ይሁን፤ የቦርከናውን ተዉት።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወደ ውሃው ገባ ባለ መሬት ላይ ነው። ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚህ ትልቅ ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት በእሳቸው ዘመን ነው። ከዚያ ጊዜ የቀረ የብራና ወንጌል አለ፣ ከ700 ዓመት በላይ የሆነው፣ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል ያለበት። እንዲያሳዩአችሁ በትሕትና ጠይቁ። ካሳዩአችሁ ከርቀት እዩ፣ ብራናውን በእጅ አትንኩ፣ ፍላሽ አታብሩ።

ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ በር ላይ ደርሶ መከራከር ለማንም አይበጅም። ወንዶቹ ሲገቡ ሴቶቹ በሐይቁ ዳር ይንዱ። እውነቱን ለመናገር ጠዋት ላይ ውሃው ዳር የሚነዱት የተሻለውን ነው የያዙት።

"ውጫሌም ቅርብ ነው፣ በሳይክል እንቀጥል" የሚል አይጠፋም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ከኢጣሊያ ጋር የተደረገው የውጫሌ ውል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ በዚያ በኩል ነው። አንቀጽ 17 የተባለው መዘዝ የጀመረበትን ቦታ ማየት ተገቢ ነው። ግን መንገዱ አምባሰል ነው። አምባሰል ደግሞ ዳገት ነው። ሳይክሉን ሐይቅ ከተማ አደራ ሰጥታችሁ በመኪና ሂዱ።

ካልሄዳችሁ ዓሳ ብሉ። ቆሮሶው ሙሉውን ተጠብሶ በሚጥሚጣና በሎሚ ይቀርባል፤ ሲያዙ "አሁን የሚጠበስ" በሉ፣ ጠዋት የተጠበሰውን አሙቀው እንዳያቀርቡላችሁ። ከ10 ሰዓት በፊት መናኸሪያ ድረሱ። ሳይክሉ ሲጫን እናንተም ጣሪያው ላይ ውጡ፣ ማርሹ ወደ ላይ፣ ካርቶኑ ከስር።